ደሜ ናት

ሰው የሌላ ሰው ሕልም ውስጥ ሲገባ ጫማ ያወልቅ እንደሆነ እንጉዳይ አታውቅም ነበር፤ ለመጠየቅ ደግሞ አፈረች። እፎይታ መርከብ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩን አውቶቡስ የመሳፈር ያህል አቅልሎ ነው የሚያወራው። ስሱን የብር መረብ ግንባሯ ላይ እንደ ሻሽ ያሰረችላት ነርስ እንኳ "ሕልሟ ውስጥ አይሩጡ፣ እንግዳ መሆንዎን አይርሱ" ብላት ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየላትም።

እፎይታ ሻላ ሐይቅ ላይ የምትንሳፈፍ የሆስፒታል መርከብ ናት። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ በጉም ሲሸፈን ውሃውና ሰማዩ ይደባለቁና መርከቧ በየትኛው ላይ እንደምትሄድ መለየት ያስቸግራል። ብዙው ሕመምተኛ ይህን ይወደዋል። አንዳንዱ ግን ከእንቅልፉ ነቅቶ በመስኮት ሲያይ የሞተ ይመስለውና ደንግጦ ነርስ ይጣራል።

በዚህች መርከብ ላይ ለቀዶ ሕክምና የሚተኛ ሰው ብቻውን አይተኛም። የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ ሁለቱም አንድ ሕልም ያያሉ። አብሮት የሚተኛው ሰው "አጃቢ" ይባላል። አጃቢ ሕልሙን ዝግ አድርጎ ይመራል፤ ሕልም ዝግ ሲል ልብም ዝግ ይላል፣ ልብ ዝግ ሲል ደም በብዛት አይፈስም። ደግሞም የተኛ ሰው ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል አጃቢው ይናገርለታል። አጃቢው ሕልሙ ውስጥ ሆኖ ለሐኪሙ የሚናገረው ቃል ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

የበፀሎት አጃቢ እንጉዳይ ናት። የመጣችውም ከሁሉ አብልጣ የምትጠላውን ቃል ልትናገርላት ነው።

በፀሎት ጉበቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ዕጢው ከትልቁ የደም ሥር ጋር እንደተጣበቀ፣ ሲላቀቅም ብዙ ደም እንደሚፈሳት ሳይደብቅ ነግሯታል። ሌላ ሰው ቢሆን የጎደለው ተሞልቶለት ይነሳ ነበር። የበፀሎት እምነት ግን የሌላ ሰው ደም ገላ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድገውንም ደም አትቀበልም፤ ዘሩ ከሰው የተወሰደ ነውና። የፈቀደችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷ ደም ሲፈስ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ከገላዋ ጋር የተያያዘው መስመር ሳይቋረጥ እንዲመለስላት። ይህን የሚሠራውን መሣሪያ ሐኪሞቹ "መላሽ" ይሉታል።

እንጉዳይ ይህን በሰማች ቀን ተጣልተው ነበር።

"መስመሩ ከተቋረጠስ?" አለቻት።

"ከተቋረጠማ ተቋረጠ።"

"እኔ እኮ ልሰጥሽ እችላለሁ በፂ። በባልዲ! ዛሬ ከፈለግሽ ዛሬ።"

"አውቃለሁ። ደም የነፍስ ነው፤ የነፍስ ባለቤት ደግሞ እኔም አይደለሁም፣ አንቺም አይደለሽም። የራስሽ ያልሆነውን በባልዲ ስትሰጪ ደግሞ አያምርብሽም።"

"እየቀለድሽ ነው?"

"እየፈራሁ ነው" አለች በፀሎት። "ስፈራ እንደምቀልድ አታውቂም?"

ከዚያ ነው አጃቢዬ ሁኚ ያለቻት። እንጉዳይ ጆሮዋን አላመነችም። የበፀሎት የጉባኤ እህቶች አሉ፤ አጃቢ ለመሆን ተሽቀዳድመዋል። እነሱ እያሉ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው ብላ ጠየቀቻት።

"እነሱ ይባረኩ" አለች በፀሎት። "ግን እንደ እኔ ያምናሉ። እምቢ ቢሉልኝ ለእምነታቸውም ብለው ነው። አንቺ አታምኚበትም። አንቺ እምቢ ካልሽልኝ ለእኔ ብቻ ብለሽ ነው። እዚያ ስተኛ አጠገቤ እንዲህ ያለ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።"

ይህን የመሰለ ነገር ለሰው ተነግሮ እንዴት እሺ ይባላል? እንዴትስ እምቢ ይባላል? እንጉዳይ አኩርፋ ሰነበተች። ማኩረፍ ታውቅበታለች፤ ሥራ ቦታ አብረው እየዋሉ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበሉ ማኩረፍ ትችላለች።

ሥራቸው ጉም መልቀም ነው። ጭላሎ ተራራ ላይ በረጃጅም ምሰሶዎች የተወጠሩ መረቦች አሉ፤ ጉሙ ሲያልፍባቸው ጤዛው ይቀርና በቱቦ ቁልቁል ወርዶ የከተማው ውሃ ይሆናል። መረብ ሲቀደድ አንዷ ወጥታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ታች ሆና ገመዷን ትይዛለች። ጉም ዓይንን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ስለሚውጥ የሚነጋገሩት በገመዱ ነው። አንዴ ከተሳበ "ያዢ" ማለት ነው። ሁለቴ ከተሳበ "ልቀቂ" ማለት ነው። ገመዱ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅም።

በኩርፊያው መካከል አንድ ቀን በፀሎት ከላይ ነበረች፣ እንጉዳይ ከታች። ገመዱን በሁለት እጇ ጠምጥማ፣ ላይዋ ላይ ነጭ ነገር ብቻ እያየች ስታስብ ቆየች። በፀሎት ወርዳ መሬት ስትረግጥ እንጉዳይ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት።

"እሺ፤ አጅብሻለሁ" አለች። "ግን ብትሞቺ አላለቅስልሽም።"

"ታለቅሻለሽ" አለች በፀሎት፣ የመረብ መስፊያዋን ከፀጉሯ ላይ እየነቀለች።

አሁን እንግዲህ እዚህ ናቸው። ሁለት አልጋ፣ ሁለት የብር ሻሽ፣ መስኮቱ ላይ ጉም።

ከመተኛታቸው በፊት ጠያቂው እየተንከባለለ መጣ። ጠያቂው የሕመምተኛን ፈቃድ የሚጠይቅ ማሽን ነው፤ ቁመቱ እስከ ወገብ ነው፣ ግንባሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለችው። የሠሩት መሐንዲሶች ስሙን ሲያወጡለት ጥያቄ የሚጠይቅ ማለታቸው ነበር። ሕመምተኞቹ ግን የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ አድርገው ይቀልዱበታል።

"ይኸው ባዶ እጁን የሚመጣው ጠያቂ" አለች እንጉዳይ። "ብርቱካን እንኳ አልያዘም።"

"ብርቱካን ለቀዶ ሕክምና አያስፈልግም" አለ ጠያቂው።

በፀሎት ሳቀች። ከገረጣ ፊቷ ላይ ሳቅ ሲወጣ እንጉዳይ ልቧ ተነካና ብርድ ልብሱን ማስተካከል የሚያስፈልገው ይመስል ታስተካክል ጀመር።

"የሌላ ሰው ደም ይሰጥዎት?" አለ ጠያቂው።

"አይሰጠኝ።"

"ሕይወትዎ አደጋ ላይ ቢወድቅም?"

"ቢወድቅም።"

"የራስዎ ደም ይመለስልዎት?"

"የራሴ ከሆነ ይመለስ።"

"ከተኙ በኋላ ስለ እርስዎ የሚናገረው ማን ነው?"

"እሷ ናት።"

"ዝምድናችሁ ምንድን ነው?"

በፀሎት ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረች። እንጉዳይን አየቻት፤ የሥራ ቦቲዋን አላወልቅም ብላ ተጨቃጭቃ ከነቦቲዋ የተጋደመችውን።

"ምን ዝምድና ትለኛለህ" አለች። "ደሜ ናት።"

ጠያቂው ትንሽ ዘገየ። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። "መዝግቤአለሁ" አለ።

ማንም ልብ አላለውም። አገር ምድሩ በቀን ስንት ጊዜ "ሆዴ"፣ "ዓይኔ" ሲባባል ይውላል፤ ይህ ሁሉ ሆድና ዓይን የአካል እንዳልሆነ ለማሽን ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንጉዳይማ ፊቷ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ጉሙ ውስጥ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። እነሱን እያየች ዓይኗ ከበዳት።

ጫማ አይወለቅም። ይህን ያወቀችው ከገባች በኋላ ነው፤ ቦቲዋን እንዳደረገች ጭላሎ ተራራ ላይ ቆማለች። ሕልሙ የበፀሎት ስለሆነ ተራራው ከእውነተኛው ይበልጣል። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ መረቦቹ ምሰሶ የላቸውም፣ ከሰማዩ ላይ ተንጠልጥለዋል። የጤዛው ጠብታዎች ደግሞ ቁልቁል መውረዱን ትተው ቀስ እያሉ ሽቅብ ይወጣሉ። በፀሎት ከፍ ብላ መረቡ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትሰፋለች። ገመዱ ከወገቧ ወርዶ እንጉዳይ እጅ ውስጥ ነው።

"ምን እየሰፋሽ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"የተቀደደውን ነዋ።"

"ቀስ በይ። ቀስ በሉ ተብለናል።"

"ቀስ ብዬ ነው። አታይም? መርፌው ከተነሳ ስንት ጊዜው፣ እስካሁን አልወረደም።"

እውነትም መርፌው አየር ላይ ነበር። ለመውረድ የቸኮለ አይመስልም።

እንጉዳይ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የአጃቢነት ሥራዋን ጀመረች። ለፍላፊ ሴት ናት፤ ዝግ ማለት አልለመደባትም፤ ግን ሞከረች። አንድ ቃል ትናገርና የሚቀጥለውን እስክታገኘው ድረስ ጉሙን ታያለች። ስለ መጀመሪያው የሥራ ቀናቸው አወራች፤ በፀሎት ከላይ ሆና "ልቀቂ" ብላ ሁለቴ ስትስብ፣ እሷ ጭራሽ ምልክቱን ረስታ ይበልጥ አጥብቃ ይዛት፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አየር ላይ እንዳንጠለጠለቻት። በፀሎት ከላይ ስትስቅ ሳቋ እንጉዳይ ጋ የደረሰው ቆይቶ ነው። የበፀሎት ልብ ከተራራው ሥር ይመታል። ምቱ ሰፊና የተረጋጋ ነው፤ አንዱ ሲመታ ሣሩ በሙሉ በስሱ ይነቃነቃል።

ደስ አላት። ጓደኛዋ ላይዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ገመዱ እጇ ላይ ነው፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ውጭ የሚሆነውን ሁሉ ረስታ ይህ ነገር ባያልቅ ብላ ተመኘች።

ጠብታዎቹ ቀይ ሆኑ።

መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ መረቡ ላይ ያሉት ሁሉ። ሽቅብ መውጣታቸውንም ትተው ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። እንጉዳይ መዳፏን ስትዘረጋ ለብ ያለ ነገር ጠብ አለባት።

"ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ይሰማዎታል?" አለ የዶክተር ገመቹ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

"ይሰማኛል።"

"መላሹ ተበላሸብን። ቱቦው ተሰነጠቀና መስመሩ ተቋረጠ። ውስጡ ከነበረው ደም የሚበዛው ፈሷል፤ የተረፈውም ከገላዋ ተለይቷል። እሷ እንዳለችው ከሆነ ልመልስላት አልችልም።"

"ታዲያ ይተዉት! ይዝጉትና ሌላ ቀን..."

"ግማሹን አላቅቄዋለሁ። አሁን መተው አይቻልም።" ዶክተሩ ተነፈሰ። "ከጨው ውሃ በቀር የምሰጣት የለኝም። እሱ ደግሞ አይበቃትም ብዬ እፈራለሁ።"

ያን ጊዜ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል።

"መንገድ አለ" አለ ጠያቂው። "ሕመምተኛዋ ነቅታ ሳለች የራሷ ደም እንዲመለስላት ፈቅዳለች። አጃቢዋ ደሟ መሆኗንም ተናግራለች። ስትገቡ እንደመረመርኩት የሁለታችሁ ደም ይገጥማል፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ደግሞ አጠገቧ ተኝተዋል። የሚቀረኝ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ሕመምተኛዋ 'ደሜ ናት' ያለችው ስለ እርስዎ ነው?"

እንጉዳይ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።

ማሽኑ አላሾፈም፤ ማሾፍ የት ያውቅና። ቃሉን እንደሰማው ይዞታል። ስለ እኔ ነው ወይ? ነዋ፤ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዎ ብትል ውሸት አይሆንም። አንዲት ቃል ናት። ክንዷ ላይ መርፌ ይገባል፣ በባልዲ እሰጥሻለሁ ያለችው ይፈጸማል፣ በፀሎት ትነቃለች። ከዚያ ብታኮርፋት ታኩርፋት፤ እስከ ዕድሜ ልኳ ታኩርፋት፤ የሚያኮርፈው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

"ዶክተር?" አለች።

"እኔ ምንም አልልዎትም" አለ ገመቹ። ድምፁ ደርቋል። "ምን ማለቷ እንደነበር እርስዎም እኔም እናውቃለን። አዎ ካሉ ግን ሕጉ አይከለክለኝም። እጄም ይህን እየጠበቀ ነው፣ አልዋሽዎትም።"

ቀና ብላ አየች። ጉሙ ወፍሮ በፀሎትን ሸፍኗታል፤ የሚታዩት እግሮቿ ብቻ ናቸው፣ እነሱም መወዛወዝ አቁመዋል። "በፂ!" ብላ ጮኸች። ጉሙ ጩኸቷን ዋጠው።

"የተኛ ሰው ቃል ሕግ ፊት አይቆምም" አለ ጠያቂው። "መልሱ የሚጠበቀው ከእርስዎ ነው።"

እንጉዳይ ዝም አለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ "አዎ" ለማለት አፍ ብዙ መከፈት እንኳ አያስፈልገውም። ቀዮቹ ጠብታዎች በዙሪያዋ ሣሩን አረጠቡት። ከተራራው ሥር ልቧ፣ የበፀሎት ልብ፣ መቸኮል ጀምሯል።

ገመዱ አንዴ ተሳበ።

ሁለተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። ያዢ።

ይህ ምልክት ሲመጣ የእንጉዳይ እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የሚታዘዘው። ገመዱን መዳፏ ላይ ጠመጠመችው፣ ቦቲዋን አፈሩ ውስጥ ተከለች። ያዢ ተብላለች። የሚያዘውም ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ተራራው ላይ ትከሻዋን ገፋ አድርጋ የሰጠቻት ቃል ነው።

"አይደለም" አለች።

"ሕመምተኛዋ ይህን ያለችው ስለ እርስዎ አልነበረም?"

"ስለ እኔ ነበር። ደም ማለቷ ግን አልነበረም።" እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ እጇ ገመዱ ላይ ነው። "እንደምትወደኝ ነው የነገረችህ፣ አንተ ደንቆሮ! ሰው እወድሻለሁ ማለት ሲያፍር ነው እንዲያ የሚለው። የእኔ ደም የእኔ ነው። አትንካት።"

ጠያቂው ዘገየ። "መዝግቤአለሁ" አለ።

ከዚያ የገመቹ ድምፅ መጣ፤ አንቱታውን ረስቶታል። "እሺ እህቴ። እንግዲያው ልቧን አዘግዪልኝ። እኔ ሰፍቼ እስክዘጋ ልቧ ካልቸኮለ ልደርስ እችላለሁ። ብርድ ያለበት ቦታ ውሰጃት።"

ገመድ ያዥ ወደ ላይ አይወጣም፤ የሥራው ሕግ ነው። እንጉዳይ ገመዱን እየጠቀለለች ወጣች። መረቡ ረጥቦ ያንሸራትታል፤ ብትወድቅ የሚይዛት የለም። በፀሎትን ያገኘቻት ከጉሙ መካከል ነው። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ መርፌዋ አሁንም እጇ ላይ ከፍ እንዳለ ነው። ልቧ ከሥራቸው እየሮጠ መረቡን ያንቀጠቅጠዋል።

እንጉዳይ አጠገቧ ተቀመጠችና በአንድ ክንዷ አቀፈቻት። ልታወራት አሰበች፤ ደግነቱ ተወችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ሁሉ ጩኸት ሆኖ ታያት። እናቷ እንጉዳይ ያለቻት ጉም በዝቶ እንጉዳይ በሚፈላበት ወራት ስለተወለደች ነው፤ ስለዚህ ጉሙን እንደ ዘመድ ጠራችው። መጣ። በመረቡ ቀዳዳዎች በኩል፣ በልብሳቸው በኩል፣ በመካከላቸው አለፈ፤ ቅንድባቸው ላይ ጤዛ እየተወ አለፈ። በረዳቸው። የበፀሎት ትንፋሽ ረዘመ። የእንጉዳይም አብሮ ረዘመ።

ልቧ ዘገየ። ከዚያም ይበልጥ ዘገየ። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ዝናብ ዘንቦ የሚያባራ እስኪመስል ድረስ ተራራቀ። እያንዳንዱን ምት እንጉዳይ የመጨረሻው ነው ብላ ትሰናበተዋለች፤ ሌላው ደግሞ ይመጣል። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ገድያት ይሆን? አዎ ብል ኖሮ አሁን ፊቷ እየቀላ ነበር። ይህን እያሰበች ጉንጯን የበፀሎት ቀዝቃዛ ግንባር ላይ አሳረፈችና ቆየች።

በበፀሎት እጅ ላይ የነበረው መርፌ ወረደ። ማንም ሳያንቀሳቅሰው ወረደና የተቀደደውን መረብ ጠለፈ፤ እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ወረደ። እጁ የበፀሎት ነው፣ አሰፋፉ ግን የእሷ አልነበረም። የወንድ እጅ፣ የሐኪም እጅ፣ ጥንቁቅ አሰፋፍ ነው። እንጉዳይ ትንፋሿን ይዛ አየችው። ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ። ቀዮቹ ጠብታዎች አንድ በአንድ መንጣት ጀመሩ።

"ጨረስኩ" የሚል ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ገመቹ ይበለው በፀሎት፣ አልለየችም።

በፀሎት በሕይወት አለች፤ ደም ያነሰው ሰው ግን ቶሎ አይነሳም። እፎይታ ከነፋሱ ጋር ሐይቁን ስትዞር ከረመች፣ በፀሎት ተኝታ ከረመች። ስትነቃ ከንፈሯን ለማርጠብ ያህል ነቅታ መልሳ ታንቀላፋለች። እንጉዳይ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ የሚያስነሳት አልተገኘም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጠያቂው እየተንከባለለ ገባ። ራሱ ላይ አንድ ብርቱካን ተቀምጧል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች እንጉዳይ።

"ብርቱካን ነው። ጠያቂ ባዶ እጁን እንደማይመጣ ነግረውኛል።"

እንጉዳይ ሳታስበው ሳቀች። ብርቱካኑን አንስታ ትልጠው ጀመር።

"እርማትም አድርጌአለሁ" አለ ጠያቂው። "ስለ ሰው ሲነገር 'ደሜ' ማለት ደም ማለት አይደለም። 'ሆዴ'ና 'ዓይኔ'ም እንደዚያው።"

"ጎበዝ። ገና ብዙ ይቀርሃል።"

"አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሕልሙን እሰማ ነበር። ገመዱ አንዴ ሲሳብ 'ያዢ' ማለት እንደሆነ ተረድቻለሁ። ምን እንደሚያዝ ግን ገመዱ አይናገርም። ቃሌን ያዢ ሊሆን ይችላል። እንዳልወድቅ እኔን ያዢኝም ሊሆን ይችላል። እኔ መለየት አልቻልኩም። እርስዎ በምን ለዩት?"

የእንጉዳይ ጣት ልጣጩ ላይ ቆመ። ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል እስከዚያች ደቂቃ በሐሳቧ አልመጣም ነበር።

"አለየሁትም እኮ" አለች በመጨረሻ። "የነገረችኝን ነው የያዝኩት።"

"መዝግቤአለሁ" ብሎ ጠያቂው ወጣ። ብርቱካኑ እጇ ላይ ግማሹ ተልጦ ቀረ።

"ለእኔ ነው?" አለ ቀጭን ድምፅ።

በፀሎት ዓይኗን ገልጣለች። እንጉዳይ ዘላ ተነሳች፤ ትራሷን አስተካከለች፣ ውሃ አቀረበችላት፣ ብርቱካን ገና እንደማይፈቀድላት ነገረቻት፣ ከዚያ ልታለቅስ ሲቃጣት ነርሷን ሰደበች። በፀሎት እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ሰምቼ ነበር" አለች። "ጠያቂው ሲጠይቅሽ ሰምቼ ነበር። ዝም ስትይም ሰምቻለሁ። ብዙ ቆየሽ።"

"ቆየሁ" አለች እንጉዳይ። "አዎ ልል ነበር በፂ። አፌ ላይ ነበር። ገመዱን ባትስቢው ኖሮ እል ነበር። ቃሌን ያዢ ስትይኝ ነው..."

በፀሎት ትራሱ ላይ ራሷን ነቀነቀች።

"እንዲያ አይደለም ያልኩሽ" አለች። "ፈርቼ ነበር እንጉ። እንደዚያ የምፈራ አይመስለኝም ነበር። ያዢኝ፣ እንዳልወድቅ፣ አዎ በይው ነው ያልኩሽ።"

ብርቱካኑ ከእንጉዳይ እጅ ወድቆ ተንከባለለ፤ መርከቧ ዘንበል ስትል ከአልጋው ሥር ገባ። ሁለቱም አላዩትም።

"ለምነሽኝ ነበር እኮ ታዲያ" አለች እንጉዳይ። "ለምነሽኝ እምቢ አልኩሽ።"

"ገመዱ ሌላ ቃል የለውማ።"

"ልትሞቺ ነበር።"

"ልሞት ነበር።" በፀሎት ለመተንፈስ ቆመች። "መጀመሪያ የነቃሁ ቀን፣ አንቺ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጥሎሽ ነበር፣ ያየሁት ክንድሽን ነው። የመርፌ ምልክት ፈለግሁ። ሳጣ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው እንዳልልሽ ያቺ ሕልሙ ውስጥ የፈራችው አለች፤ ከፍቶኝ ነው እንዳልልሽ እኔ አለሁ። ቀን በብርሃን አስቤ የነገርኩሽን ጠበቅሽልኝ። እኔ ራሴ እንኳ ያን ጊዜ አልጠበቅኩትም። ለአምላኬ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ለአንቺም ምን እንደምልሽ አላውቅም።"

እንጉዳይ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ውጭ ጉሙ እየተነሳ፣ ሐይቁ ከሰማዩ እየተለየ ነበር።

"ሌላ ጊዜስ?" አለች። "አንዴ ስትስቢ የቱን ልያዝ?"

በፀሎት አሰበች፤ መልሱን ከልቧ ፈለገችው። "አላውቅም" አለች።

እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ዘረጋች። እንጉዳይ እጇን ስትሰጣት ቀዝቃዛዎቹ ጣቶች አንዴ ጠበቅ አደረጓት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ያዘቻት።